ስድብ የሌለበት ደብዳቤ

መስከረም 26

ለችኩሏ ጸሐፊ፣

ሰላምታውን አንቺው ሙዪው፤ እኔ ወገቤን አሞኝ ነው የምጽፈው። ክረምቱን ሙሉ ዝም ስልሽ ስትሰድቢኝ እንደከረምሽ ይገባኛል። ጆሮዬ ባይሰማም ስድብሽ በሌላ በኩል ይደርሰኛል። አልረሳሁሽም። ያዘዝሽው ዓይነት የኮምፒውተር ራም እንደ ሽንኩርት ገበያ ወርደው የሚያመጡት አይደለም። ዛሬ የሚሠራው የለም። አንዱን ከሞተ ማሽን ነቀልኩት፣ ሌላውን ከሌላ ሬሳ ነቀልኩት፣ እስኪስማሙ ድረስ ደግሞ ስንቱን ጣልኩት።

በካልሲ የጠቀለልኳቸው ሌላ ለስላሳ ነገር አጥቼ ነው። ካልሲው ታጥቧል።

አገባቡን ታውቂያለሽ፤ ግን ስለምትቸኩዪ ልድገመው። ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ። እጅሽን መጀመሪያ ብረት አስነኪ። ከዚያ በሁለት አውራ ጣትሽ፣ ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ራሳቸው ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ድረስ ተጫኚ። የሚሰበር ይመስላል፤ አይሰበርም።

ምስጢርሽን ለማንም አልተናገርኩም። ለማን እነግራለሁ፣ ለድመቷ? እሷም እንደ እኔ ሳትደነቁር አልቀረችም፤ ስጠራት አትመጣም።

ከገባ በኋላ ማሽኑ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ስልክ እንደማልሰማ ታውቂያለሽ፤ በስልክ የሚላከው ጽሑፍም ለዓይኔ ደቃቅ ነው። እንደ ልማድሽ በትልቁ አትመሽ በፖስታ ላኪ። ስድቡንም አትርሺ። ያለ እሱ ደብዳቤሽ ጨው የለውም።

ሽማግሌው ጠጋኝ
ከብስክሌት ቤቱ ጀርባ


ጥቅምት 3
(ይህኛው አልተላከም)

ይድረስ ለጠጋኙ ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። እሽጉ ደርሷል። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሟ። እናታችን በእህቴ ስም ወደ ጽሕፈት ሱቋ የመጣ ነገር አትነካም። በበሩ ሥር የገባ ወረቀት ካለ ዞር ብላ ታልፈዋለች፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አነሣዋለሁ።

እህቴ ነሐሴ ውስጥ ዐርፋለች። ራሴን አመመኝ ብላ በጊዜ ተኛች። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድናት፣ ከዚያ አልተመለሰችም። ሐኪሙ ብዙ ተናግሮ ነበር፤ ሲጠቃለል ግን እኛ ከምናውቀው የተለየ አልነበረም። አድራሻዎን የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ስላልነበረ ሳይነገርዎ ቀረ። ይቅርታ ያድርጉልን።

እዚህ ድረስ ጽፌ ደብዳቤዎን መልሼ አነበብኩት። “ችኩሏ” ይላል።

እኛ ቤት አሁን እሷን እንዲህ የሚላት የለም። ከሞተች ወዲህ ሁሉም ሰው ደግ ደጓን ብቻ ነው የሚያወራው። ጎረቤቶቻችን “እንደ እሷ ያለ ታጋሽ የት ይገኛል” ይላሉ። ታጋሽ አልነበረችም። በር ስትዘጋ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ይንጋደድ ነበር። እናቴ “ድምፅዋ እንኳ ተሰምቶ አያውቅም” ትላለች። እህቴ ቀኑን ሙሉ ስትጮኽብኝ ነበር የምትውለው። የሚያለቅሱላትን ልጅ እኔ አላውቃትም። እርስዎ የጻፉላትን ግን አውቃታለሁ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ብልከው፣ እርስዎም ነገ


ጥቅምት 3

ይድረስ ለጠጋኙ፣

ጤና ይስጥልኝ። እሽጉ ከነካልሲው በደህና ደርሷል። ስላደረጉት ድካም አመሰግናለሁ።

አሮጌውን ራም አውጥቼ ሁለቱን አስገባሁ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ማሽኑ ይጮኻል። አሮጌውን ብመልስበትም ያው ሆነ። ምናልባት የሆነ ነገር ሰብሬ ይሆናል። ምን ላድርግ?

በእጅ በመጻፌ ይቅርታ። ማሽኑ ስለማይነሣ ነው።

ከሱቁ


ጥቅምት 14

ለችኩሏ፣

ምነው አከበርሽኝ? “ጤና ይስጥልኝ”፣ “ስላደረጉት ድካም”! እኔ እርስዎ የሆንኩት ከመቼ ወዲህ ነው? በግንቦት “አንተ አሮጌ ዕቃ” ብለሽ የጻፍሽልኝ ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል። ወይ ታመሻል፣ ወይ ከባድ ነገር ልትለምኚኝ ነው።

አልሰበርሽም። ብዙ ዘመን ሳይነካ የኖረ ራም ሲነቀል እንዲህ ያኮርፋል፤ ጫፉ ላይ ቅባትና አቧራ ይዟል። የተማሪ ላጲስ ውሰጂ። ከወንድምሽ ከአቶ ነገ ቦርሳ ስረቂ፤ እሱ እንደሆነ ላጲሱንም ለነገ ነው የሚያስቀምጠው። ወርቅ የመሰለውን ጫፍ በቀስታ እሺው። መሰኪያውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። በአፍሽ አትንፊበት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ከዚያ አሮጌውን ብቻ አስገብተሽ ሞክሪ። እሱ ከተነሣ፣ አዲሶቹን አንድ በአንድ፣ በየመሰኪያው እያዛወርሽ።

ደግሞ “ይጮኻል” ብሎ ማለፍ የለም። ረጅም ነው አጭር? ያርፋል ወይስ ይደጋግማል? እኔ እንዴት እንደምሰማው ነግሬሻለሁ፤ ጣቴን ሳጥኑ ደረት ላይ አሳርፋለሁ። ጩኸት ቆዳ ላይ ይታወቃል። ጤነኛ ማሽን ሲነሣ አንዴ ቆንጠጥ አድርጎሽ ዝም ይላል። የታመመው ግን ጣትሽን አይለቅም።

አቶ ነገ እንዴት ነው? አሁንም መጽሐፉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛል? “የሚያነበው በአፍንጫው ነው” ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ሳቄ ድመቷን ከወንበር አስወደቃት። እናትሽስ? ሥራውስ?

ጠጋኙ


ጥቅምት 23

ይድረስ ለጠጋኙ፣

ጤና ይስጥልኝ። አልታመምኩም። ደክሞኝ ነው።

ልጁ ደህና ነው። አዎ፣ መጽሐፉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛል። ሲነቃ ጉንጩ ላይ የገጹ ጠርዝ ታትሞበት ይገኛል።

ላጲሱ ሠርቷል። አሮጌው ራም ሲመለስ ማሽኑ ተነሣ፤ እንደ ቀድሞው እያዛጋ ነው፣ ግን ተነሣ። አዲሶቹን አንድ በአንድ፣ በአራቱም መሰኪያዎች ሞከርኩ። ረጅም ጩኸት፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና ረጅም ጩኸት። ጣቴንም ደረቱ ላይ አደረግሁ። አይለቅም።

ስለ ሥራው ለጠየቁኝ፣ እናቴ የሱቁን ክፍል ለልብስ ሰፊ ልታከራየው ነው። ኅዳር ሲያልቅ ይገባል። አልፈርድባትም። አንድ ማመልከቻ ለማውጣት ማሽኑ እስኪያስብ ደንበኛው ቆሞ ቆሞ ይሄዳል። ማሽኑ ቢፈጥን ሰው ይመለሳል፣ ሰው ከተመለሰ ክፍሉ አይዘጋም ብዬ ነበር የማስበው።

ቦታ ለማስለቀቅ አንዳንድ ዕቃ ማውጣት ጀምሬአለሁ። ከፕሪንተሩ ሥር ማቆሚያ የነበረውን ባዶ ሳጥን ማዶ ላለው ቁልፍ ቀራጭ ሰጠሁት፤ ወንበሩ ተሰብሮበት ነበር። ፕሪንተሩን መሬት አወረድኩት። ለነገሩ ቀለምም ጨርሷል። አሁንም በእጅ የምጽፈው ለዚህ ነው።

የቀረ የምሞክረው ነገር ካለ ይጻፉልኝ። ባይኖርም ይጻፉልኝ።

ከሱቁ


ኅዳር 4

አንቺ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ራሙ ልናገር፣ እሱ ይቀለኛል።

ሁለቱንም ከመላኬ በፊት እዚህ ሞክሬአቸዋለሁ። አንዴ ቆንጥጠውኝ ዝም ብለዋል። ጤነኞች ናቸው። ታዲያ ለምን ይጮኻል? ስተኛም ስነሣም “አሮጌውን ራም” ያልሽው ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። ራሞቹን ያዘዝሽለት ጥቁሩ ማሽን አሮጌ ራም የለውም። የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ሲዘጋ እኔው ነኝ በእጄ የነቀልኩት። መጀመሪያ ከሱቁ ማሽን ለሙከራ የተዋስሽ መስሎኝ አለፍኩት። አሁን ግን ሌላ ጠረጠርኩ። አንቺ እነዚህን የምትሞክሪያቸው በሱቁ ማሽን ላይ ነው?

ለእሱ እኮ አይደሉም! መሰኪያው አንድ ስለሆነ ይገባሉ፤ ያ ማሽን ግን እንዲህ ያለውን ራም ማንበብ አይችልም። ቁልፍ ገባ ማለት በሩ ተከፈተ ማለት አይደለም፤ ቁልፍ ቀራጭሽን ጠይቂው። እኔ የመረጥኳቸው ለጥቁሩ ነው። ለልጁ ማሽን።

ራስሽ አይደለሽም እንዴ የጻፍሽልኝ? ከተዘጋው መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ገዛሁት፣ የጎኑን መዝጊያ ስከፍት ውስጡ በእርሳስ የተጻፈ አድራሻህን አገኘሁ አልሽ። ጡረታ ስወጣ የጠገንኳቸው ማሽኖች ሁሉ ውስጥ የምሄድበትን አድራሻ ጽፌ ነበር። የጻፈልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። “ወንድሜ ደንበኛ እስኪወጣ እየጠበቀ፣ እኔ ያሞቅኩት ወንበር ላይ ነው የሚያጠናው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲገባ የራሱ ይኑረው” አልሽ። የት ደበቅሽው ብዬ ስጠይቅሽ “ከፕሪንተሩ ሥር ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። ባዶ ቀፎ ነው ብዬዋለሁ። አቶ ነገ እንደሆነ ዛሬ አይመረምርም” አልሽ።

እንግዲህ ከፕሪንተሩ ሥር ያለውን ባዶ ሳጥን ለቁልፍ ቀራጭ ሰጠሁ ስትዪኝ ምን ልበል? ቀልድ ከሆነ አልገባኝም።

ሌላም ነገር አለ። ሁለት ደብዳቤ ሙሉ አንድ ስድብ አላገኘሁም። ፈለግሁ። ወረቀቱን ገልብጬም አየሁ። አንቺ ስትታመሚም ትሳደቢያለሽ፣ ሲደክምሽ ደግሞ ይብስብሻል።

ይህን የሚጽፍልኝ ማነው?

ጠጋኙ


ኅዳር 12

ይድረስ ለጠጋኙ ጋሼ፣

የምጽፈው ታናሽ ወንድሟ ነኝ። አቶ ነገ።

እህቴ ነሐሴ ውስጥ ዐርፋለች። እሽጉ የደረሰ ዕለት ጽፌልዎ ነበር፣ ሳልልከው ቀረሁ። እርስዎን ለማታለል አልነበረም። እዚህ ሰው ሁሉ ስለ እሷ የሚያወራው አንገቱን ደፍቶ ነው። እርስዎ ብቻ ነበሩ ችኩል የሚሏት። ከነገርኩዎ እርስዎም አንገትዎን ይደፋሉ ብዬ ፈራሁ። አንድ ደብዳቤ ብቻ ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ሌላ አማረኝ።

“አቶ ነገ” የሚለው ስም ደግሞ ከቤታችን ወጥቶ ያን ያህል መንገድ የሄደ አይመስለኝም ነበር። የምትጠራኝ ስትናደድ ብቻ ነበር። ሳትናደድም ለሰው ታወራው እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ከነደብተሬ በር ላይ ቆሜ ነው። ከዚያ መንገዱን ተሻገርኩ። ቁልፍ ቀራጩ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ይቀርጻል።

“ጋሼ፣ ሳጥኑን ልወስደው ነው” አልኩት።

“የቱን ሳጥን?”

“የተቀመጡበትን።”

“ወንበሬን?” አለና መቅረጫውን አጠፋው። “ሰጥቶ መንሣት የእግዜር ሥራ ነው። አንተ ደግሞ በስንተኛው ቀን ተሾምክ?”

ይህን እንዳለ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ለማን እንደተናገረው ትዝ አለው መሰለኝ፣ መዶሻውን ያለ ምክንያት አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

“ባዶ አይደለም ለካ” አልኩት።

“እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ባዶ ነው ብለህ ስትሰጠኝ ወገቤ ነው የተቀነጠሰው። የሰው ስጦታ አይመዘንም ብዬ ዝም አልኩ እንጂ። አንተ ራስህ ተሸክመህ ስታመጣው አልከበደህም?”

ከብዶኝ ነበር። ያን ሰሞን ሁሉም ነገር ይከብደኝ ስለነበር ለብቻው አልጠየቅኩትም።

“እህቴ ለእኔ ደብቃው ነው” አልኩት።

ብድግ አለ። ሳጥኑን በእጅጌው ጠረገው፣ ዙሪያውን አየው፣ እንደገና ጠረገው። “ያቺ ልጅ” አለ። “ቁልፌ ጠፋ ብላ እየተጣደፈች መጥታ ታስቀርጸኝ ነበር። ቀርጬ ስሰጣት የጠፋው ከኪሷ ይወጣል። እኔን ነበር የምትቆጣው፣ ለምን ቶሎ ቀረጽክ ብላ!”

ከነሐሴ ወዲህ ከሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው የእሷ ነገር ይህ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚያወሩኝ።

ልሸከመው ብል እምቢ አለ። “ትጥለዋለህ፤ ዓይንህ እንባ ይዟል” ብሎ ራሱ ተሸክሞ አሻገረው። የኩሽናችንን በርጩማ ሰጠሁት።

አሁን ችግሩ ይህ ነው። ሳጥኑ ከኋላና ከጎን ቀዳዳ አለው። ቁልፍ ሲቀረጽ የሚረግፈው የናስ ብናኝ ገብቶበታል፤ ስነቀንቀው እንደ አሸዋ ይንሿሿል። መዝጊያውን ከፈትኩት። የእርስዎ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። ከሥሩ በእሷ እጅ፣ ተጣድፎ፣ “ተጠርጓል። ራም ብቻ ይቀረዋል” የሚል አለ። ያ የጠረገችው ሁሉ አሁን በብናኝ ያብረቀርቃል። እኔ ነኝ ያደረግሁት። አላበራሁትም፤ ገመድም አልሰካሁበትም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ልብስ ሰፊው ትናንት መጥቶ መስኮቱን ለክቶ ሄዷል።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምን እንደማደርግም ይንገሩኝ።

ታናሽ ወንድሟ


ኅዳር 21

ልጄ፣

መልሴ ዘገየ። ጀምሬ የቀደድኳቸው ብዙ ናቸው፤ ይህም ከእነሱ አይሻልም።

እኔ ክረምቱን እዚህ ቁጭ ብዬ “ምን ብላ ትሰድበኝ ይሆን” እያልኩ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ራሙን እንዳገኘሁ ቶሎ ብልከው ኖሮ ብዬም አስባለሁ፤ ምንም እንደማይለውጥ አውቃለሁ፣ ግን አስባለሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ የሞተ ነገር ከፍቻለሁ። ለሰው የሚሆን ብሩሽ የለኝም።

አልተቀየምኩህም። በአንተ ደብዳቤዎች ምክንያት እኔ ዘንድ ጥቂት ሳምንት ቆይታለች። የተጠቀምከው አንተ ብቻ አይምሰልህ። እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቅህ፤ እሷ በገዛ አፏ ልትነግርህ የቆጠበችውን እኔ በፖስታ አወጣሁት።

አሁን ብናኙ። ናስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አንዲት ፍንካች የማይሆን ቦታ ከቀረች ማሽኑን ትገድለዋለች። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። በጨርቅ አትንካው፣ ጨርቅ ይጎትተዋል። ያልተነካ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ፈልግ። ሳጥኑን በጎኑ ደፍተህ ያዘውና ከላይ ወደ ታች እየጠረግህ አራግፈው። መሰኪያዎቹን በብሩሹ ጫፍ፣ አንድ በአንድ። ገመዱ የሚሰካበትን ከኋላ ያለውን የብረት ሳጥን ግን እንዳትከፍተው፤ ገመዱ ተነቅሎም ይመታል። ከነመላው ገልብጠህ፣ የሚረግፍ እስኪጠፋ ድረስ ነቅንቀው። ከዚያ ባትሪ አብርተህ ከየአቅጣጫው እየው። የሚያብለጨልጭ ካየህ ከመጀመሪያው ጀምር።

አትቸኩል። ሲደክምህ ተውና በማግስቱ ቀጥል። እሷ ብትሆን በአንድ ምሽት ልጨርስ ብላ ታቃጥለው ነበር። ለዚህ ሥራ አቶ ነገ ይሻላል።

ሲጸዳ ራሞቹን በሁለት አውራ ጣትህ። የሚሰበር ይመስላል፤ አይሰበርም።

ለእናትህ ግን ንገራት። ሰው ሳይነገረው ሲቀር ምን እንደሚመስል እኔ አሁን አውቄዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ስትጽፍልኝ ስድብ ጨምርበት። “እርስዎ” ማለትህን ተው አልልህም፣ አሳዳጊ የበደለው እንድትባል አልፈልግም። ግን ጨምርበት።

ሽማግሌው


ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለጠጋኙ ጋሼ፣

ይህን በትልቁ አትሜዋለሁ፤ መነጽርዎን ማስቀመጥ ይችላሉ። ቀለሙን የገዛችው እናቴ ናት። የዘገየሁት ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጠረግሁ። ጋዜጣ አንጥፌ፣ ሳጥኑን ጭኔ ላይ ደፍቼ። አንድ ቀን ጨረስኩ ስል መሰኪያው ውስጥ አንዲት ብልጭታ አየሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በማግስቱ እንደዚያው። ጋዜጣው ላይ የሚረግፈው እየሳሳ ሄደ።

ልብስ ሰፊው ሊገባ ሲል እናቴ ክፍሉን ልትጠርግ መጣች። ከሐዘኑ ወዲህ ወደዚያ ክፍል ስትገባ አይቻት አላውቅም ነበር። መሬት ተቀምጬ፣ ያ ጥቁር ሳጥን ተከፍቶ፣ እኔ ባትሪ በጥርሴ ይዤ አገኘችኝ።

“ይሄ ምንድነው?” አለች።

ነገርኳት። የእርስዎን ደብዳቤዎችም ሰጠኋት። ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ መጥረጊያውን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ሁሉንም አነበበች። ከዚያ መዝጊያውን አንሥቼ የእህቴን ጽሑፍ አሳየኋት። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።

ራሞቹን ሳስገባ ቀጭ ሲል ብድግ አለች።

“ሰበርከው!”

“አይሰበርም፣ እማዬ። የሚሰበር ይመስላል እንጂ።”

ገመዱን ሰካሁ። አበራሁት። ፋኑ ዞረ፤ ሌላ ምንም የለም። ስክሪኑ ጨለማ፣ ድምፅም የለም። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። አጠፋሁት፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ራሞቹን አውጥቼ በባትሪ ዳግመኛ ብፈልግ፣ ከአንደኛው መሰኪያ ጥግ ላይ ከጥፍር ቁራጭ የምታንስ የናስ ፍንካች አገኘሁ። በብሩሹ ጫፍ አስወጣኋት። እንደገና ቀጭ፣ እንደገና ቀጭ። ጣቴን ደረቱ ላይ አሳረፍኩና አበራሁት።

አንዴ ቆነጠጠኝና ዝም አለ።

ስክሪኑ በራ። እናቴ የሆነውን አላየችም፣ ዓይኗ አልተገለጠም ነበር። ስለዚህ አጠፋሁትና እጇን ይዤ ጣቷን ከጣቴ አጠገብ አስቀመጥኩት። እንደገና አበራሁት። ሲቆነጥጣት እጇን ሰበሰበች፣ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ በመዳፏ ሳጥኑን ጠፍ አደረገችው።

“ተንኮለኛ!” አለች።

እኔን መስሎኝ ደነገጥኩ።

“በአፍንጫዬ ሥር! በየቀኑ አቧራውን የምጠርገው እኔ! ‘እማዬ ባዶ ነው፣ ባዶ ነው፣ አትልፊ’ ስትለኝ! ውሸታም! ደግሞ እኮ በእርጥብ ጨርቅ እንዳትወለውይው ብላ ጮኻብኛለች። በእኔ በእናቷ! እንዴት ያለች ጯሂ ነበረች፣ አምላኬ!”

“ታጋሽ ነበረች ይላሉ ጎረቤቶች” አልኳት።

“ማን?” አለች እናቴ። “እሷ? ታጋሽ?”

ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ሌላ ሆነ፣ ግን መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስታለቅስም “ችኩል፣ ችኩል” እያለች ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ እሷ በስሟ ትሰደባለች። ትናንት እናቴ ሰዓቱ ተንጋዶ አይታ “ይሄም የእሷ ሥራ ነው” ብላ አቃናችው።

ልብስ ሰፊው ገብቷል። እናቴ ቃሏን አታጥፍም። የክፍሉን ግማሽ እሱ ይዟል፣ ጠረጴዛችን መስኮቱ ሥር ቀርቷል። የሱቁ ማሽን አሁንም ያዛጋል። ቅዳሜ ብቻ እከፍተዋለሁ፤ ሌላውን ቀን ጥናት አለብኝ። ጥቁሩ መኝታዬ አጠገብ ነው፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሬዋለሁ። ማታ ማታ ደክሞኝ የምተኛው አሁንም መጽሐፍ ደፍቼ ነው።

መዝጊያውን ከመግጠሜ በፊት ከእሷ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ “ራም ገባ” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በታች ባዶ ቦታ አለ፤ ሲበላሽ እጽፍልዎታለሁ፣ እርስዎም ይመልሱልኛል። ሳይበላሽም እጽፋለሁ።

የጠየቁኝን አልረሳሁም። እናቴ እጄን ብትይዘኝም እጽፈዋለሁ። ካልሲው ታጥቧል ብለው ነበር። አልታጠበም። እሽጉን የከፈትኩ ዕለት ጠረኑ ለረጅም ጊዜ ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ እስካሁንም ራሞቹ ያኔ በሱቁ ማሽን ያልተነሡት በእሱ ምክንያት ነው እላለሁ። እናቴ በሙቅ ውኃ አጥባ፣ ደግማ አጥባ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልካልዎታለች።

እርስዎ ውሸታም አሮጌ ዕቃ!

አቶ ነገ